የመጋቢ ጋትቤል እረፍት

ኦኬሎ በጋምቤላ ከተማ የውሃ ፓምፕ ጣቢያ መሥራት ከጀመረ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ባሮ ዳር ባለችው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሦስት ፓምፖች አሉ፤ ሦስቱንም በድምፃቸው ያውቃቸዋል። አንዱ ሲያጓራ ዘይት እንደጎደለው፣ ሌላው ሲያቃስት ማጣሪያው በደለል እንደተሞላ በሩ ላይ ቆሞ ይናገራል። ከሰውም ጋር ቢሆን ችግር የለበትም። አንድ ለአንድ ከሆነ በአኙዋክኛም፣ በኑዌርኛም፣ በአማርኛም ይጫወታል፤ ይቀልዳል፤ ሲያስፈልግ ይጨቃጨቃል። ጭንቁ ሰው ሲበዛ ነው። ከስድስት ሰው በላይ ዝም ብሎ ካየው ምላሱ ይደርቃል፤ ጉልበቱ ይርዳል፤ የሚያውቀው ሁሉ ከራሱ ውስጥ ተጠራርጎ ይወጣል። በራሱ ሠርግ ላይ ንግግር አድርግ ሲባል ተነሥቶ "ብሉ" ብሎ ተቀምጧል። ባለቤቱ አሪየት ይህቺን ወሬ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ ስታወራት ኖራለች።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ መጋቢ ጋትቤል የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ተናጋሪ ያደረጉት።

ቤተ ክርስቲያኒቱ እሁድ እሁድ ሁለት ፕሮግራም አላት። የማለዳው በአኙዋክኛ ነው፤ አሪየት እዚያ ትሄዳለች። የረፋዱ በአማርኛ ነው፤ ኑዌሩም፣ አኙዋኩም፣ ከደጋ የመጣው የመንግሥት ሠራተኛም፣ በሰፈራ መጥቶ እዚሁ የቀረውም የሚገናኘው በእሱ ነው። ኦኬሎ ማለዳ ፓምፕ ስለሚያስነሳ የረፋዱን ይካፈላል፤ ሁልጊዜም ከኋላ፣ ከምሰሶው ጀርባ ይቀመጣል። ማስታወቂያ የምትናገረው ቤርሳቤ የምትባል የቤተ ክርስቲያኒቱ ጸሐፊ ነበረች። እሷ ወለደች። መጋቢው ከምሰሶው ጀርባ ያለውን ሰው ለካ ሲያዩት ኖረዋል፤ ሐሙስ ዕለት ጣቢያው ድረስ መጥተው አንዲት ወረቀት ሰጡት።

"አራት መስመር ናት" አሉት። "ከአንድ ደቂቃ አትበልጥም።"

"መጋቢ፣ እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም።"

"ማንበብ ትችላለህ?"

"ማንበብማ እችላለሁ።"

"ታዲያ አትናገር፤ አንብብ" ብለው ሄዱ። ቅዳሜ ጠዋት ከባለቤታቸው ከኛጃል ጋር ከኢታንግ ማዶ ወዳለው ወደ ዘመዶቿ መንደር ሊጓዙ ዕቃ እያሰናዱ ስለነበር ብዙ ለመከራከር ጊዜ አልነበራቸውም።

ኦኬሎ የዚያን ዕለት ራት አልበላም። በማግስቱ መምህር ከፈለን ፈልጎ አገኘው። ከፈለ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ አባቱ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው። በአንድ ወቅት የእርዳታ ድርጅት ባዘጋጀው የሦስት ቀን ሥልጠና ስለ ንግግር ክህሎት ተምሮ የምስክር ወረቀት ተቀብሏል፤ ወረቀቱም ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል። እስከዚያች ቀን ድረስ ግን በዚያ ጉዳይ ምክር የጠየቀው ሰው አልነበረም። ስለዚህ አርብም ቅዳሜም እየመጣ ፓምፕ ቤቱ ውስጥ ኦኬሎን አሠለጠነው።

"አንደኛ፣ ከመናገርህ በፊት በደንብ ተንፍስ። በደንብ ስልህ ከሆድህ ነው" አለው። "ሁለተኛ፣ አፍህ እንዳይደርቅ ውሃ ጠጣ። ሦስተኛ፣ ዓይን ዓይናቸውን አትይ፤ ከራሳቸው በላይ ተመልከት። አራተኛ፣ ሰው እንዳይመስሉህ። ቧንቧ፣ ፓምፕ፣ አንተ የማትፈራውን ነገር አድርገህ አስባቸው።"

ኦኬሎ ወረቀቷን ይዞ ፓምፖቹ ፊት ቆመ። ረቡዕ የመዘምራን ልምምድ አለ። ሐሙስ የእናቶች ጸሎት አለ። መጋቢ ጋትቤል ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ሳምንት እረፍት ላይ ናቸው። በሚመጣው እሁድ እንግዳ አገልጋይ ስለሚኖር በሰዓቱ እንገኝ። ከፈለ ከፓምፕ ቁጥር ሁለት ጎን ቆሞ በየመሐሉ ራሱን ይነቀንቅለታል። እስከ ቅዳሜ ማታ ኦኬሎ ወረቀቷን ሳይሰናከል አሥራ ሰባት ጊዜ አንብቧታል። ፓምፕ እንደሆነ አያስልም፣ ወንበር አያንቋቁም፣ ከጎኑ ላለው ፓምፕም አያንሾካሹክም።

እሁድ ደረሰ። ኦኬሎ የተባለውን ሁሉ አደረገ፤ እንዲያውም አብዝቶ አደረገ። አፉ እንዳይደርቅ ብሎ ከቤት ሲወጣ አንድ ጠርሙስ፣ በር ላይ አንድ ጠርሙስ፣ ስብከቱ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ጠርሙስ ውሃ ጠጣ። ስሙ ሲጠራ ከሆዱ ሲተነፍስ ሲተነፍስ ራሱን አዞረው። መድረኩ ላይ ወጥቶ ከሰው ራስ በላይ ሲመለከት ዓይኑ ያረፈው በሙሉ ፍጥነት በሚሽከረከረው የጣሪያ ማራገቢያ ላይ ነው፤ የዞረው ራሱ አብሮ ዞረ። ሚዛኑን ለመጠበቅ አትሮኖሱን በሁለት እጁ ጨበጠ። እጁን ለዚያ ሥራ ሲያውል ወረቀቷን ለቀቃት። ማራገቢያው አነሣት፤ አንድ ጊዜ ፊቱ ላይ ዞረችና የመዘምራኑ ኪቦርድ ስር ገብታ ጠፋች።

ሁለት መቶ ሰው ዝም ብሎ ያየዋል። አንድም ፓምፕ የሚመስል አልነበረም።

"ረቡዕ" አለ ኦኬሎ። ድምፁ ከሩቅ የመጣ መሰለው። "ረቡዕ… መዘምራን። ሐሙስ… እናቶች።"

ሁለቱ አለፉ። ሦስተኛው ስለ መጋቢው ነው። እረፍት የሚል ቃል እንዳለበት ትዝ ይለዋል፤ ከፊቱና ከኋላው የነበሩት ቃላት ግን ከወረቀቷ ጋር ኪቦርዱ ስር ገብተዋል። ጣቢያው ውስጥ አንድ ፓምፕ ለጥገና ሥራ ሲያቆም መዝገብ ላይ "ፓምፕ ቁጥር ሁለት አርፏል" ብለው ይጽፋሉ። ያ መጣለት። መጋቢው ደግሞ ፓምፕ ስላልሆኑ በአክብሮት መናገር እንዳለበት አልዘነጋም።

"መጋቢያችን ጋትቤል" አለ፤ ከግንባሩ የወረደው ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባና እንባው ፈሰሰ። "መጋቢያችን ጋትቤል… አርፈዋል።"

አዳራሹ ውስጥ ማራገቢያው ብቻ ይሰማል።

"በሚመጣው እሁድ ሌላ ሰው ይመጣል" ብሎ ጨረሰ ኦኬሎ።

ከኋላ አንዲት ሴት ጮኸች። ፊት ለፊት የተቀመጡት እናቶች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ኦኬሎ ይህ ሁሉ በእሱ አነጋገር አስቀያሚነት የመጣ መሰለው፤ ሦስት ጠርሙስ ውሃም በሆዱ አለ። ፊቱን በእጁ ሸፍኖ በጎን በር ወጣና ሮጠ። ሕዝቡም አየው፦ ሲንቀጠቀጥ፣ ድምፁ ሲቆራረጥ፣ እንባው ሲወርድ፣ በመጨረሻም መቆም አቅቶት እያለቀሰ ሲወጣ። መርዶ እንዲህ አድርጎ የተናገረ ሰው በከተማው ውስጥ ታይቶ አያውቅም። የተጠራጠረ አንድም ሰው አልነበረም።

ኦኬሎ መጸዳጃ ቤት ደርሶ ከተገላገለ በኋላ ማንም እንዳይደውልለት ስልኩን አጠፋ። ቀጥሎ ወደ ጣቢያው ሄዶ ከፓምፖቹ አጠገብ ካርቶን አንጥፎ ተኛ። ከእንግዲህ በሌላ ቤተ ክርስቲያን ማምለክ እንዳለበት፣ ምናልባትም ወደ ዲማ ሄዶ ወርቅ ቢቆፍር እንደሚሻል እያሰበ እንቅልፍ ወሰደው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ አሪየት ከገበያ መጣች። ዓሣዋን ሳትሸጥ መልሳ አምጥታዋለች። ዓይኖቿ አብጠዋል።

"ምን ሆነሽ ነው?" አላት።

"አልሰማህም? መጋቢ ጋትቤል ሞቱ።"

ኦኬሎ ቁጭ አለ። መጋቢው የኦኬሎ አባት የሞቱ ጊዜ ሦስት ቀን አብረውት መሬት ላይ የተኙ ሰው ናቸው። እንባው መጣ።

"ሐሙስ ዕለት እኮ ጣቢያ መጥተው ነበር" አለ። "ደህና ነበሩ። በምን ሞቱ?"

"አይታወቅም። ዛሬ በእናንተ ፕሮግራም ላይ ነው የተነገረው አሉ።"

"እኔ እዚያ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም። ማን ነው የተናገረው?"

አሪየት እንባዋን መጥረጓን ተወችና አየችው። "አንተ ነህ አሉ" አለችው።

"እኔ?"

"ኦኬሎ አለቀሰ፣ መናገር አቃተው፣ ሮጦ ወጣ፤ ገበያው ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው። ምንድን ነው ያልከው?"

"መጋቢ እረፍት ላይ ናቸው ነው ያልኩት።"

"እንደተናገርከው ንገረኝ። ቃሉን።"

ኦኬሎ ጥቂት አሰበ። "አርፈዋል" አለ።

አሪየት ሃያ ዓመት ከደገኞች ጋር ስትሸጥና ስትገዛ የኖረች ሴት ናት። ዓሣ የተሸከመችበትን ሳፋ ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። "ሰው አረፈ ሲባል ሞተ ማለት እንደሆነ አታውቅም?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"አሁን ነው የማውቀው። እዚያ ላይ አላውቅም ነበር። ጣቢያ ውስጥ ፓምፕ ሲቆም እኮ…"

"መጋቢው ፓምፕ ናቸው?"

መጋቢው በሕይወት በመኖራቸው ኦኬሎን ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ አንድ አፍታም ደስ አለው። ከዚያ ነገሩ ምን ያህል እንደሄደ ገባው። ስልኩን ሲከፍት ያልተመለሱ ጥሪዎች ተከታትለው መግባት ጀመሩ፤ አርባ ላይ መቁጠሩን ተወ። መጋቢው ጋ ደወለ፤ ያሉበት መንደር ኔትወርክ የለውም። የኛጃልም እንደዚያው። ከፈለ ጋ ደወለ።

"አይዞህ ወንድሜ" አለው ከፈለ፣ ሰው ለቅሶ ቤት ውስጥ በሚያወራበት ዝግ ያለ ድምፅ። "ሐዘንህ ይገባናል። እኔ እንኳ ልምምዱ ላይ እረፍት ስትል እንዲሁ እረፍት መስሎኝ፤ ለካ ያን ሁሉ በልብህ ይዘህ…"

"ከፈለ፣ አልሞቱም።"

ኦኬሎ የሆነውን ነገረው። "ኦኬሎ" አለ ከፈለ፣ "ድንኳን ተተክሏል። ሦስት ሽማግሌዎች አስከሬን ሊያመጡ በፒክአፕ ወደ ኢታንግ ከሄዱ ሁለት ሰዓታቸው ነው። ግቢው በሰው ሞልቷል።"

"ንገራቸው በቃ። አንተ መናገር ትችላለህ። የምስክር ወረቀት አለህ።"

ከፈለ እሞክራለሁ አለ። ከሩብ ሰዓት በኋላ መልሶ ደወለ። "አልሰሙኝም" አለ። "'አንተ የት ሰምተህ ነው? እዚያ የቆመው ኦኬሎ ነው፤ ካለ እሱ ይምጣና ይንገረን' አሉኝ። አንዳንዶቹ አንተን ሐዘኑ አእምሮህን እንደነካው ነው የሚያስቡት። መምጣት አለብህ።"

ባጃጅ ተሳፈሩ። አሪየት ከጎኑ ተቀምጣ መንገዱን ሁሉ እጁን ያዘችው፤ ሹፌሩን ተመለስ ሊለው ሁለት ጊዜ አፉን ሲከፍት ሁለት ጊዜ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

ከፈለ በር ላይ እየጠበቀው ነበር። "ተንፍስ" አለው።

"ጠዋት ተንፍሼ ምን እንደመጣ አየህ።"

"ውሃ ላምጣልህ?"

"ውሃ የሚባል ነገር አታሳየኝ" አለው ኦኬሎና ገባ።

ድንኳኑ ከግቢው የማንጎ ዛፎች ስር ተተክሏል። ጠዋት ሁለት መቶ የነበረው ሰው አሁን አምስት መቶ ይሆናል። ኦኬሎን ሲያዩ ተነሡ። አቀፉት፤ ትከሻው ላይ አለቀሱ። "አንተ ጠንካራ ሰው ነህ፤ ተናገርከው" አሉት። ሊናገር አፉን በከፈተ ቁጥር "ዝም በል፣ አትድከም" ይሉታል። የሐዘን ባለቤቶች በሚቀመጡበት ፍራሽ ላይ አስቀመጡት፤ ሰው በሚፈላበት ሙቀት ጋቢ ደረቡለት። ማይክሮፎኑን የያዘው ጋትኬክ ነበር። ጋትኬክ የመጋቢው የአጥር ጎረቤት ነው፤ በድንበራቸው ላይ በበቀለችው ማንጎ ምክንያት ከመጋቢው ጋር ከተኳረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን ግን ሰው ሁሉ እየሰማ እያለቀሰ ነው። "ያቺ ማንጎ የእሳቸው ናት" ይላል። "እኔ ነኝ ያስቸገርኳቸው። ከነድንበሯ ለእሳቸው ትቻታለሁ። ይስሙኝ።"

ከፈለ ማይክሮፎኑን ከጋትኬክ ተቀብሎ ለኦኬሎ አቀበለው። ኦኬሎ ተነሣ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ አዘጋጅቷል፤ ማንም በሌላ ሊተረጉማት የማይችላት አጭር ዓረፍተ ነገር።

"መጋቢ ጋትቤል አልሞቱም" አለ።

"አሜን" አለ ሕዝቡ።

ኦኬሎ ግራ ገባው። "በሕይወት አሉ" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

"አሜን። ሃሌ ሉያ።"

"እኔ የምላችሁ፣ ሕያው ናቸው። ዛሬም ሕያው ናቸው።"

ከአዳራሹ የወጣው ኪቦርድ ጀመረ። መዘምራኑ ተነሡ፤ ስለ ሰማያዊው አገር የሚዘመረውን መዝሙር አነሡና ሕዝቡ ሁሉ እጁን ዘርግቶ አብሮ ዘመረ። መዝሙሩ አምስት ቤት አለው። ኦኬሎ አምስቱም እስኪያልቅ ማይክሮፎኑን ይዞ ቆመ። የሚቀጥለውን እንዴት እንደሚላቸው አያውቅም። የማውቀውን ሁሉ ብነግራቸው አሜን ሊሉኝ ነው ብሎ አሰበ።

በዚህ መሐል አንድ የማይዘምር ፊት አየ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት እማማ እታገኝ ናቸው። እማማ እታገኝ የዚህች ቤተ ክርስቲያን ምእመን አይደሉም፤ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ የመጡት ለጉርብትና ነው። መዝሙሩንም አሜኑንም አያውቁትም። ስለዚህ ከአምስት መቶው ሰው መሐል ኦኬሎ ያለውን እንዳለው የሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው። አፋቸውን ከፍተው እያዩት ነው። ኦኬሎ እኚህን ሴት በየቀኑ ያገኛቸዋል፤ ጀሪካናቸውን ይዘው ቦኖ ላይ ሲሰለፉ ውሃ መቼ እንደሚለቀቅ የሚጠይቁት እሱን ነው፤ የሚሳደቡትም እሱን ነው።

መዝሙሩ አለቀ። "አንተ ኦኬሎ" አሉ እማማ እታገኝ፣ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ። "አልሞቱም ማለት ምን ማለት ነው?"

ኦኬሎ ወደ እሳቸው ዞረ። ሌላውን ሰው ማየት ተወ። "እማማ፣ አልሞቱም ማለት አልሞቱም ማለት ነው።"

"በሰማይ?"

"በኢታንግ በኩል። ከኛጃል ዘመዶች ጋር ናቸው። ይሄኔ ዓሣ እየበሉ ይሆናል።"

ድንኳኑ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። አንድ ሰው አሜን ሊል ጀምሮ መሐል ላይ ተወው።

"ታዲያ ጠዋት ሞቱ ያለው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ፈርቼ።"

"ማንን ፈርተህ?"

"እናንተን።"

እማማ እታገኝ ዙሪያቸውን አዩ። "እኛ ምን አደረግንህ?"

"ምንም አላደረጋችሁም። ቁጭ ብላችሁ አያችሁኝ" አለ ኦኬሎ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገራቸው። ለእማማ እታገኝ ነው የነገራቸው፤ አምስት መቶው ሰው ደግሞ ሰማ። ስለ ሦስቱ ጠርሙሶች ነገራቸው። ስለ ማራገቢያው፣ ስለ ወረቀቷ ነገራቸው፤ አንድ መዘምር ወደ አዳራሹ ሄዶ ኪቦርዱ ከነበረበት ቦታ ወረቀቷን አነሣና አምጥቶ አጠገቡ ላለው አሳየ። ጣቢያው ውስጥ ፓምፕ ሲቆም ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ነገራቸው። "እንባ አይደለም የነበረው፤ ላብ ነው" አላቸው። "ሮጬ የሄድኩትም ለሐዘን አይደለም፤ ሽንት ቤት ነው። አሁንም እየፈራሁ ነው። ይኸው ጉልበቴን እዩት። ጋቢውን የደረበልኝ ሰው እግዚአብሔር ይስጠው፤ ግን እየሞተ ያለ ሰው ካለ እኔ ነኝ፤ በሙቀት" ብሎ ጋቢውን ገፍፎ ጉልበቱን አሳያቸው። ጉልበቱ እውነትም ይንቀጠቀጥ ነበር።

በመጀመሪያ የሳቁት እማማ እታገኝ ናቸው። ድምፅ አውጥተው አልሳቁም፤ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ እየተንቀሳቀሰ ነው የሳቁት። ከጎናቸው ያለችው ሴት አይታቸው ሳቀች። ሳቁ ረድፍ በረድፍ እስከ አጥሩ ደረሰ። የሚያለቅስም ነበር፤ ግን እሱም እየሳቀ ነበር። ኦኬሎ ማይክሮፎኑን እንደያዘ ቆሞ አያቸው። ሰው ሲስቅ ያን ያህል አያስፈራም። ደግሞ ያልነገራቸው ነገር ትዝ አለውና ቀጠለ።

ያልሳቀው ጋትኬክ ነው። እጁን አነሣ። "እኔ ጥያቄ አለኝ" አለ። "እኔ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ሳለቅስ ነው የዋልኩት። የማንጎዋ ጉዳይ እንዴት ሊሆን ነው?"

"ሰጥቻለሁ ብለሃል" አለ አንድ ሽማግሌ።

"ለሞተ ሰው ነው የሰጠሁት።"

"ለመጋቢ ጋትቤል ነው ያልከው። ሁላችንም ሰምተናል።"

ክርክሩ ጦፎ ሳለ ፒክአፑ ደረሰ። አስከሬን ሊያመጡ የሄዱት ሦስት ሽማግሌዎች ከኋላ ጭነት ላይ ተቀምጠዋል፤ ገዝተውት የሄዱት ነጭ አቡጀዲ እንደታጠፈ ጭናቸው ላይ ነው። መጋቢው ከነባለቤታቸው ከፊት ናቸው። በኋላ እንደተሰማው ሽማግሌዎቹ መንደሩ ሲደርሱ መጋቢው ዛፍ ስር ተቀምጠው ፀጉራቸውን እየተላጩ ነበር። ሁለቱ ባሉበት ደርቀው ቀሩ፤ ሦስተኛው፣ የሰባ ዓመት ሰው፣ እስከ ወንዙ ድረስ ሮጠዋል፤ የመንደሩ ጎረምሶች ናቸው ይዘው የመለሷቸው።

መጋቢው ከመኪናው ወረዱ። ፀጉራቸው ግማሹ ብቻ ተላጭቷል። ድንኳኑን አዩ፤ ወንበሩን አዩ፤ ሰዉን አዩ። ኛጃል መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስኪደክማት ሳቀች። "እኔንስ ሊያጽናና የታሰበው ማን ነበር?" ብላ ጠየቀች። እማማ እታገኝ እጃቸውን አነሡ።

ሕዝቡ መጋቢውን እየዳሰሰ ሲስም ኦኬሎ ከምሰሶ ጀርባ መደበቅ ፈለገ፤ የድንኳኑ ምሰሶ ግን ቀጭን ነው። መጋቢው መጡና አጠገቡ ተቀመጡ። የቀረበውን ንፍሮ ዘገኑና ማኘክ ጀመሩ።

"መጋቢ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ ኦኬሎ። "ነግሬዎት ነበር።"

"ነግረኸኝ ነበር" አሉ መጋቢው። ጥቂት አኘኩ። "ሠላሳ ዓመት ሰብኬያለሁ። እኔ ስሰብክ የሚያንቀላፉትን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉም እዚህ አሉ። አንተ በአንዲት ቃል ከተማውን ሁሉ አስነሣኸው።"

"ከእንግዲህ ሌላ ሰው ቢናገር ይሻላል።"

"በሚመጣው እሁድም አንተ ነህ" አሉት። "እኔ ወደ መንደሩ እመለሳለሁ፤ እረፍቴ ገና አላለቀም። እስከዚያ ሰው እንዳትቀብርብኝ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ጋትኬክ ስለ ማንጎዋ የሆነ ነገር ተናገረ ይሉኛል፤ እውነት ነው?" ብለው ጠየቁት።

በቀጣዩ እሁድ ኦኬሎ መድረኩ ላይ ወጣ። ቁርስ አልበላም፤ ውሃም አልጠጣም። ወረቀቷን ከጣቢያው ባመጣት የናስ ብሎን አትሮኖሱ ላይ ተጭኖ አስቀመጣት። እማማ እታገኝ እዚያ ስላልነበሩ ሌላ ፊት ፈለገና ከመዘምራን አንዷን፣ ታናሽ እህቱን የምትመስለውን፣ አገኘ። ለእሷ አነበበላት። ድምፁ ሁለት ቦታ ላይ ተቆራረጠ። አራቱንም መስመር ጨረሰ። ሰው ሊያጨበጭብ ሲል ማስታወቂያ እንደሆነ ትዝ ብሎት ተወው።

ኦኬሎ መፍራቱን አልተወም። በየእሁዱ ሲጀምር "ዛሬም እየፈራሁ ነው" ይላል፤ ሰው ፈገግ ይላል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ቤርሳቤ ከወሊድ ስትመለስ ሥራዋን ልትረከብ መጥታ ነበር፤ ምእመናኑ ግን ትንሽ ትረፍ ብለው መጋቢውን ለመኑላት።

በሚያዝያ፣ ባሮ ሲቀንስና ውሃው በፈረቃ ሲሆን፣ የቀበሌው ሕዝብ ስብሰባ ጠራ። ሰዉ ተቆጥቷል። ከመሥሪያ ቤቱ ማን ሄዶ ያስረዳ ሲባል ሁሉም መሬት መሬት አየ፤ ኦኬሎም መሬት አየ፤ ግን ስሙ ተጠራ። አሪየት አብራው ሄደችና ከኋላ ተቀመጠች። ኦኬሎ ጠረጴዛውን ተደግፎ ቆመና አንዲት የተቆጣች ሴትዮ መረጠና ለእሷ ማስረዳት ጀመረ፦ ወንዙ ሲጎድል የመሳቢያው ቱቦ አፍ እንዴት አየር እንደሚስብ፣ አየር የሳበ ፓምፕ እንዴት እንደሚቃጠል፣ የትኛው ሰፈር በየትኛው ቀን እንደሚደርሰው። ጥያቄ ጠየቁት፤ መለሰ። ስለ ደለል ጠየቁት፤ ስለ ደለል ብዙ የሚያውቀው ነገር ነበር። አሪየት ከኋላ ሆና እጇን ወደ ታች እያደረገች ተቀመጥ ተቀመጥ ትለው ጀመር፤ እሱ ግን እሷን አያያትም።

ወደ ቤት ሲመለሱ በድልድዩ ላይ ጎን ለጎን ሄዱ። ነፋሱ ከወንዙ ይመጣል።

"ረዘመ" አለችው።

"ምን ያህል ፈጀ?"

"ሃምሳ ደቂቃ።"

ኦኬሎ አሰበው። "ሁሉንም እየፈራሁ ነው የተናገርኩት" አላት። "ጉልበቴ መንቀጥቀጡን አንድ ጊዜም አላቆመም።"

"አውቃለሁ" አለችው አሪየት። "ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ እስከ መጨረሻው ሲንቀጫቀጭ ነበር።"